መዳብ ለእርሾ ይጨመራል? የላገር ቢራዬ የገማ እንቁላል ይሸታል

ዋንጫ ሙሉ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ላለፉት ሁለት ዓመታት ዎርት (ገና ያልተብላላውን የብቅል ጭማቂ) የማቀዘቅዘው በመዳብ ጥቅልል ነበር። ማፍላቱ ሊያበቃ 15 ደቂቃ ሲቀረው ድስቱ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ እለቅበታለሁ፣ በቃ። አሁን ለማጠብ ይቀላል ተብዬ በስቴንለስ ለወጥኩት። በአዲሱ ማቀዝቀዣ የሠራሁት የመጀመሪያው ቢራ ላገር ነው፤ 20 ሊትር፣ በ11 ዲግሪ የሚብላላ። ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል። ዛሬ ጠዋት ክዳኑን ገለጥ ሳደርገው የገማ እንቁላል ሽታ ፊቴን መታኝ። ትንሽ ቀድቼ ቀመስኩ። ምላስ ላይ ደህና ነው፤ አፍንጫ ላይ ግን ያው እንቁላል።

መዳብ ለእርሾ ንጥረ ምግብ እንደሆነ አንብቤያለሁ። እንደኔ ግምት እርሾዬ የለመደው መዳብ ቀረበትና ተጨነቀ። ያሰብኩት ንጹሕ የመዳብ ቱቦ ቆርጬ ማብላያው ውስጥ ልጨምርና እስከ መጨረሻው እዚያው ልተወው ነው። ስህተት ካለው ከመጨመሬ በፊት ንገሩኝ። ትክክል ከሆነስ ስንት ሴንቲሜትር ይበቃል?

ነጭ አረፋ፦
ወንድሜ፣ መዳቡ ላይ አልተሳሳትክም። የኔም ድስት፣ ማቀዝቀዣና ማብላያ ሁሉም ስቴንለስ ናቸው። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ስንዝር የሚያህል የመዳብ ቱቦ አጥቤ ማፍላቱ ላይ እጨምራለሁ። ይህን ከጀመርኩ ወዲህ የእንቁላል ሽታ አልገጠመኝም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። የድሮዎቹ ማፍያዎች መዳብ ነበሩ፤ በእንግሊዝ ጠማቂዎች ዘንድ ማፍያው ዕቃ ራሱ «መዳብ» እየተባለ ነው የሚጠራው። ውስኪ አውጪዎችም እስከ ዛሬ የመዳብ ማፍያቸውን ያልተዉት ለመልኩ ሲሉ ብቻ አይደለም፤ መዳቡ የድኝ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ስለሚይዝላቸው ነው።

የኔ ግን ማፍላቱ ላይ ነው የሚገባው። ማብላያ ውስጥ ጨምሬ አላውቅም፤ እሱን የሞከረ ይንገርህ።

የላብራቶሪዋ ልጅ፦
እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ተጠርተዋል። ቃሉን ካልለየነው መጠኑንም ጊዜውንም መሳታችን ስለማይቀር ትንሽ ላስረዝም።

መዳብ ለእርሾ ንጥረ ምግብ ነው መባሉ ሐሰት አይደለም። እርሾ የሚተነፍስበት ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም መዳብ አለበት። ከኦክስጅን ጉዳት የሚጠብቀው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝም መዳብና ዚንክ ይዞ ነው የሚሠራው። ብረት ወደ ሴሉ የሚያስገባለት ዋነኛው መንገድ እንኳ ያለ መዳብ አይሠራም። ስለዚህ መዳብ ፈጽሞ ያጣ እርሾ ይታመማል።

ግን የሚፈልገው እጅግ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ስኳር በበዛበት ዎርት ውስጥ እርሾ ኦክስጅን ቢያገኝ እንኳ በአብዛኛው የሚያብላላ እንጂ የሚተነፍስ አይደለም። ያችኑ ጥቂት መዳብ ብቅሉና ሆፑ (ቢራውን የሚያመርረው አበባ) ይዘውለት ይመጣሉ። በብቅል ዎርት ውስጥ መዳብ አንሶት የተቸገረ እርሾ ከማየትህ በፊት ዚንክ ያነሰው ብዙ እርሾ ታያለህ። ዚንክ ብቅል ውስጥ ቢኖርም አብዛኛው ከእህሉ ገለባና ከአተላው ጋር ይቀራል፤ አልኮል የሚሠራው ኢንዛይም ደግሞ ያለ ዚንክ አይንቀሳቀስም። ጠማቂዎች ዎርቱ ውስጥ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊግራም በሊትር እንዲኖር የሚጥሩት ለዚህ ነው። ስለ ማዕድን መጨነቅ ካለብህ ከዚንክ ጀምር።

ያንተ የድሮ ጥቅልል ይሠራ የነበረው ሌላ ሥራ ነው። ዎርት ኮምጣጣ ስለሆነ (የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች 5.2 አካባቢ ነው፤ ሲያንስ ይበልጥ ይኮመጥጣል) የመዳቡን የላይኛውን ኦክሳይድ ያሟሟል። ጥቅልሉ ጠቁሮ ገብቶ እንደ አዲስ አብረቅርቆ ሲወጣ አላየህም? ያ የተገፈፈው ቆዳ ዎርቱ ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ እርሾው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲያወጣ፣ ማለትም ያንን የእንቁላል ሽታ፣ መዳቡ ይይዘውና መዳብ ሰልፋይድ ይሆናል። በውሃ የማይሟሟ ጥቁር ነገር ነው። ከእርሾው ጋር ወደ አተላው ይወርዳል።

እንግዲህ መዳቡ እርሾህን አልመገበውም። እርሾው ያወጣውን ሽታ ነበር የሚለቅምልህ። ጥቅልሉ ሲነሳ ለቃሚው ነው የጠፋው። ሽታው ለምን መጣ የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

ቀዝቃዛ ጓዳ፦
ቱቦውን ማብላያው ውስጥ አትተወው። እባክህን። እኔ አድርጌዋለሁ።

መብላላቱ ያለቀለት 19 ሊትር ፈዛዛ ላገር ነበረኝ፤ ትንሽ የድኝ ሽታ ነበረው። የእጄን መዳፍ የሚያህል የመዳብ ቁራጭ አጥቤ ከትቼ ዘጋሁት። ለሦስት ሳምንት ረሳሁት። ሽታው በእርግጥ ጠፋ። ቢራው ግን ምላስ ጎን ላይ የሚቀር፣ ቁልፍ የላሰ ሰው የሚሰማው ዓይነት ጣዕም ያዘ። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ባሰበት። በአንድ ወር ውስጥ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ማለት ጀመረ። ከዚያው ብቅል፣ በዚያው እርሾ የሠራሁት ሌላው ዙር አራት ወር ሲቀመጥ ምንም አልሆነም ነበር።

ቁራጩን ሳወጣው ከታች በኩል ቢራ ያልነካው የሚመስል ጥቁር ቡናማ፣ ከላይ በኩል ደግሞ እንደ ተወለወለ ቀይ ሆኖ ነበር። ያ የተወለወለው ሁሉ ወደ ቢራዬ ነው የሄደው። ሙሉውን ደፋሁት።

የላብራቶሪዋ ልጅ፦
ቀዝቃዛ ጓዳ የገለጸው ካርቶን ጣዕም ምክንያት አለው። መዳብም ብረትም ኦክስጅንን ያነሳሱታል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ወደ ኃይለኛ ዓይነት ይለውጡና ቢራው ቶሎ ያረጃል።

ዋናው ልዩነት ጊዜው ነው። ነጭ አረፋ የምትጨምረው ማፍላቱ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት አጣሪ አለ። አንደኛ፣ ድስቱ ሥር የሚቀረው የፕሮቲን ዝቃጭ የተወሰነውን ይዞ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሕያው እርሾ መዳብን በግድግዳው ላይ ይሰበስባል፣ ወደ ውስጡም ያስገባል፤ ከበዛበትም ሜታሎታዮኒን በሚባል ፕሮቲን አስሮ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ዎርቱ ውስጥ ከነበረው መዳብ ቢራው ውስጥ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። እርሾው ከተኛ በኋላ የተጨመረ መዳብ ግን የሚሰበስበው የለም። ቢራው ደግሞ ከዎርቱ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው፤ ፒኤቹ 4.2 እስከ 4.5 ይደርሳል፤ መዳቡን ሳያቋርጥ ያሟሟዋል።

ሌላም አለ። መዳብ ሲበዛ ለእርሾ መርዝ ነው። ገበሬ ሻጋታን የሚከላከልበት የመዳብ ርጭት የሚሠራው በዚሁ ባሕርይ ነው፣ እርሾም ፈንገስ ነው። የመቋቋም አቅማቸው ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ ሜታሎታዮኒን የሚሠራው ጂን በአንዳንዱ ዝርያ አንድ፣ በሌላው ብዙ ቅጂ አለው። ጓደኛህ የጨመረውን ያህል መዳብ ያንተ እርሾ ላይቋቋመው ይችላል።

ዋንጫ ሙሉ፦
እሺ፣ ቱቦውን አልነካሁትም። ቀዝቃዛ ጓዳ፣ ስለ ነገርከኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ከድሮ ጀምሮ ጥቅልሉ ቀይ ሆኖ ሲወጣ አያለሁ፤ የት እንደሄደ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ታዲያ ሽታው ከየት መጣ? እርሾው ያው ነው፣ ሙቀቱም ያው። እንዲጠፋ ማብላያውን ልቀስቅሰው?

ጋሽ ብቅል፦
አትቀስቅሰው ልጄ። በዚህ ሰዓት አየር ከገባ ሽታ ሳታስወጣ እርጅና ታስገባለህ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። ከማቀዝቀዣው ሌላ ምን ለወጥክ? የብቅሉን ዝርዝር አምጣ።

ሁለተኛ፣ ቀድተህ ፈትሽ። ሁለት ንጹሕ ብርጭቆ ውሰድ። ሁለቱም ላይ እኩል ቢራ ቅዳ። በአንዱ በአቼቶ ያጠብከውን የመዳብ ቁራጭ ክተትና አምስት ደቂቃ በእርጋታ አዙረው። ከዚያ ቁራጩን አውጣና ሁለቱንም አሽትት፣ መጀመሪያ መዳብ ያልነካውን። የመዳቡ ብርጭቆ ሽታው ከጠፋለት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወይም የሱ ዘመድ ነው። ካልጠፋ ሌላ ነገር ነው። የተቀቀለ በቆሎ የሚሸተው ዲኤምኤስ የሚባለው ውህድም ድኝ አለበት፤ ነገር ግን መዳብ የሚይዝበት እጀታ የለውም። ስንቱ ሰው ለዲኤምኤስ መዳብ ሲጨምር አይቻለሁ። የሱ መድኃኒት ክዳን ከፍቶ ደህና አድርጎ ማፍላትና ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው።

የመዳብ መልክ ያለው ሳንቲም እንዳትጠቀም። ብዙ ሳንቲም ውስጡ ብረት ወይም ዚንክ ሆኖ በመዳብ የተለበጠ ነው።

ዋንጫ ሙሉ፦
ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ብርጭቆዎቹን ከሥር ምልክት አድርጌ ሌላ ሰው እንዲያቀያይርልኝ አደረግሁ፣ ራሴን እንዳላታልል። መዳብ የነካው ወዲያው ታወቀኝ። እንቁላሉ የለም፤ ብቅልና ትንሽ የዳቦ ሽታ ብቻ። ያልነካው እንደ ጠዋቱ ነው።

ዝርዝሩን ስጽፍ ግን አንድ የረሳሁት ነገር አገኘሁ። በዚህ ዙር ቢራው ቀለል እንዲል ብዬ ከብቅሉ ሩቡን ያህል አውጥቼ በስኳር ተክቻለሁ። የድሮዎቹ ሁሉ ሙሉ ብቅል ነበሩ። የእርሾ ምግብ የሚባል ነገር አልጨመርኩም።

ጋሽ ብቅል፦
ይኸውልህ፣ ራስህ አገኘኸው።

ስኳር ለእርሾ ጉልበት እንጂ ሥጋ አይሰጠውም። ብቅል ከስኳሩ ጋር አሚኖ አሲድ ይዞ ይመጣል፤ ነጭ ስኳር ባዶውን ነው። ሩቡን በስኳር ስትተካ ናይትሮጅኑንም በሩብ ቀነስክበት።

ሽታው ከዚህ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። እርሾ ከውሃው ሰልፌት ወስዶ ወደ ሰልፋይድ ይለውጠዋል፤ ከዚያ ናይትሮጅን ካለው ሞለኪውል ጋር አጋጥሞ ሜታዮኒንና ሲስቴይን ይሠራል፤ ሁለቱም ያለ ድኝ የማይሠሩ አሚኖ አሲዶች ናቸው። የሚያጋጥምበት ናይትሮጅን ሲያንሰው ሰልፋይዱ ሥራ ፈትቶ ከሴሉ ይወጣል። ያ ነው አፍንጫህን የመታው። የላገር እርሾ ደግሞ በተፈጥሮው ብዙ የሚያወጣ ነው፤ ቅዝቃዜው ጋዙን ቢራው ውስጥ ያቆይበታል። በሙሉ ብቅልህም ዘመን ትንሽ ሳይወጣ አልቀረም፤ ጥቅልልህ ደብቆልህ ነው።

አሁን ናይትሮጅን ልጨምር እንዳትል። ዘጠነኛው ቀን ላይ እርሾህ ዋናውን ሥራ ጨርሷል፤ የምትጨምረው ለባዕድ ተሕዋስያን ቀለብ ይሆናል። ሙቀቱን ቀስ ብለህ ወደ 16 ዲግሪ አውጣውና ተወው። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታውን ጠራርጎ ያወጣዋል፣ እርሾውም የቀረውን ይጨርሳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አትክፈተው።

ሆፕ ወዳድ፦
ጣልቃ ልግባና ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ። ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል፣ ሆፕ የበዛበት ቢራ የምትሠሩ ከሆነ መዳብ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የግሬፕፍሩትና የፓሽን ፍሩት መዓዛ የሚሰጡት ታዮሎች ራሳቸው ድኝ ያላቸው ናቸው፤ መዳብ ከእንቁላሉ ሽታ ለይቶ አያውቃቸውም፣ አብሮ ይይዛቸዋል። በጣም በጥቂት መጠን የሚሸቱ ስለሆኑ ለማጥፋትም ጥቂት መዳብ ይበቃል። ሆፕ በብርድ ከገባ በኋላ መዳብ የሚባል ነገር ወደ ቢራዬ አላስጠጋም።

አዲስ ጀማሪ፦
ይቅርታ፣ የኔ ጥያቄ ቀላል ነው። የመዳብ ጥቅልሌ ላይ አረንጓዴ ነገር ወጥቷል። ማፍላቱ ላይ ስለሚገባ ይጠራል ብዬ ልተወው? ማያያዣዎቹ ቢጫ ናስ ናቸው፣ እነሱስ?

ነጭ አረፋ፦
አትተዪው እህቴ። አረንጓዴው ከተራው ጥቁር ቡናማ ቆዳ የተለየ ነው፤ በቀላሉ የሚሟሟ የመዳብ ጨው ነው፣ መርዛማም ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ መዳብ ወደ ዎርትሽ ይገባል። ጥቅልሉን አቼቶ ውስጥ ወይም ለብ ያለ ውሃ ላይ በሟሟ ሲትሪክ አሲድ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆይው፣ አረንጓዴው ሲለቅ በብዙ ውሃ አለቅልቂው፣ ከዚያ በደንብ አድርቂው። አረንጓዴ የሚመጣው እርጥብ እንደሆነ ሲቀመጥ ነው። ቡናማው ቆዳ ካልወለወልሽው ይሻላል፤ ሽፋን ነው።

በረኪና ውስጥ አትዘፍዝፊው፣ ያጠቁረዋል፣ ይበላዋልም። ናሱ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ አንዳንድ ናስ እርሳስ ስላለበት። ከተቻለሽ ዎርት የማይነካው ቦታ ላይ ይሁን።

የላብራቶሪዋ ልጅ፦
ዋንጫ ሙሉ፣ ጋሼ ያሉትን አድርግና ታገሥ። የመጠኑን ሒሳብ ግን ልጻፍላችሁ፤ እዚህ መድረክ ላይ «ቆንጥረህ ጨምር» የሚል ምክር ባየሁ ቁጥር ይጨንቀኛል።

34 ግራም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ለመያዝ 63.5 ግራም መዳብ ይበቃል። ይህም ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። እንግዲህ ቢራው ውስጥ 20 ማይክሮግራም በሊትር ሽታ ቢኖር፣ ያም በግልጽ የሚሸት ነው፣ የሚያስፈልገው መዳብ 40 ማይክሮግራም በሊትር እንኳ አይሞላም። ለ20 ሊትር አንድ ሚሊግራም አይደርስም። አንድ ሚሊግራም በዓይን አይገመትም፣ በቤት ሚዛንም አይመዘንም። ቱቦ ማብላያ ውስጥ መተው ማለት ከዚህ ብዙ እጥፍ መስጠት ነው።

የወይን ጠማቂዎች መዳብ ሰልፌት የሚሰጡት በጠብታ ለክተው ነው። ሰማያዊው ክሪስታል ሩቡ ያህል ብቻ ነው መዳብ፣ 25.5 በመቶ። 1 ግራሙን በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ብታሟሙት እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 0.25 ሚሊግራም መዳብ ይይዛል። ከዚያ 10 ሚሊውን ወደ 100 ሚሊ አቅጥናችሁ በ100 ሚሊ ቢራ ላይ 0.2፣ 0.4፣ 0.8 ሚሊ በመርፌ ለክታችሁ ብትሞክሩ 0.05፣ 0.1 እና 0.2 ሚሊግራም በሊትር ማለት ነው። ሽታውን የሚያጠፋው ትንሹ መጠን መልሳችሁ ነው። ከ0.1 በላይ ካስፈለገ ችግሩ መዳብ የሚፈታው ላይሆን ስለሚችል ቆም በሉ። ለእርሻ የሚሸጠውን ዱቄት አትንኩ፤ ለምግብ ተብሎ አልተጣራም። ዱቄቱም የተበጠበጠውም መርዝ ስለሆነ ጓንት አድርጉ፣ ስም ጻፉበት፣ ከልጆች አርቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የመዳብ ወሰን 2 ሚሊግራም በሊትር ነው። የዊልሰን ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሰውነቱ መዳብን ማስወገድ አይችልም፤ እንዲህ ያለ ቢራ አትስጡት።

አንድ የማይነገር ነገርም አለ። ቢራው ውስጥ የተሠራው መዳብ ሰልፋይድ በጣም ደቃቅ ከሆነ ቶሎ አይረጋም። ተንሳፍፎ ጠርሙስ ከገባ ሽታው ከወራት በኋላ መመለስ ይችላል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ያከማችሁትን ቢራ በብርድ አርጉት፣ ከአተላው ለዩት፣ ከዚያ ጠርሙስ።

ዋንጫ ሙሉ፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፣ ቃል ስለገባሁ።

ወደ 16 ዲግሪ በሁለት ቀን አወጣሁት፣ 15 ቀን አልከፈትኩትም። ከዚያ ስከፍተው በመጀመሪያ አፍንጫዬን አላመንኩም። እንቁላሉ የለም ማለት ይቻላል፤ ብርጭቆ ውስጥ አዙሬ አፍንጫዬን ከከተትኩ ብቻ በጣም ሩቅ ሆኖ ይሰማኛል። የሁለቱን ብርጭቆ ሙከራ ደገምኩ። በዚህ ጊዜ ሌላው ሰው ሲያቀያይርልኝ ከአራት ጊዜ ሁለቴ ብቻ ነው መዳብ የነካውን የለየሁት። መዳብ ሰልፌት አልገዛሁም። አሁን በ2 ዲግሪ ተኝቷል።

ለሚቀጥለው ያሰብኩትን እዩልኝ። ስኳሩን ወደ አሥር በመቶ አወርደዋለሁ። ማፍላቱ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው የሞተ እርሾ ያለበት የእርሾ ምግብ እጨምራለሁ። ዚንክ ሰልፌት በምግብ ደረጃ አግኝቻለሁ፤ ለ20 ሊትር 18 ሚሊግራም ያህል እንደሚሆን አስልቻለሁ፣ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ዚንክ እንዲሰጠኝ። ይህንንም አበጥብጬ ነው የምለካው። ስቴንለሱን አልመልሰውም፤ የነጭ አረፋን አንድ ስንዝር ቱቦ ግን ማፍላቱ ላይ ላስገባ ነው፣ አጥቤ፣ ከድስቱ ወደ ማብላያው ሳይሻገር።

የላብራቶሪዋ ልጅ፦
የዚንክ ሒሳብህ ልክ ነው፣ ባለ ሰባት ውሃው ዓይነት (ክሪስታሉ ሰባት የውሃ ሞለኪውል የያዘው) ከሆነ። ማሸጊያው ላይ አንብብ፤ ባለ አንድ ውሃው ዚንኩ ስለሚበዛ 11 ሚሊግራም ይበቃል።

ጋሽ ብቅል፦
አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ ልጄ። ስኳሩን፣ ዚንኩን፣ የእርሾ ምግቡንና ቱቦውን በአንድ ዙር አትለውጥ። ባለፈው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጠህ ነው ጥፋቱን ማቀዝቀዣው ላይ የጣልከው። በመጀመሪያ ስኳሩንና ምግቡን አስተካክል፣ ቱቦውን ተወው። ከዚያም ከሸተተ በተከታዩ ዙር ቱቦውን አስገባ።

ዋንጫ ሙሉ፦
እሺ ጋሼ። ቱቦውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ቅዳሜ ያለሱ እጠምቃለሁ፤ ዘጠነኛው ቀን ላይ ከፍቼ እነግራችኋለሁ።